ተሰጥኦ ያላቸው ወጣቶች የከፍተኛ ዳንስ ሥልጠና፦ የአዱኛ ተሞክሮና የሚያስነሣቸው ጥያቄዎች

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ መቶ ያህል ሕፃናትና ወጣቶች በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ ላይ የተቀነባበረ ዳንስ ለሕዝብ አቀረቡ። አብዛኞቹ ኑሯቸው ጎዳና ላይ የነበረ ወይም ከከተማዋ እጅግ ድሃ ቤተሰቦች የተገኙ ነበሩ። ዳንሱን ያቀናበረው እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም ሲሆን፣ ልጆቹ የተገኙት መንትያ የወለዱ ችግረኛ ቤተሰቦችን ለመርዳት በሕፃናት ሐኪሟ በዶክተር ካርሜላ አባተ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1983 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጀሚኒ ትረስት በኩል ነው። ትርኢቱ ካለፈ በኋላ ከተሳታፊዎቹ 18 ወጣቶች ተመርጠው ለአምስት ዓመት ያህል የዘለቀ የሙያ ሥልጠና ጀመሩ። «አዱኛ» በሚል ስም የታወቀው የኅብረተሰብ የዳንስ ቴአትር ቡድን የተወለደው ከዚህ ነው።

ይህን ታሪክ በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። በብዙ አጋጣሚ የሚነገረው የበጎ አድራጎት ታሪክ ሆኖ ነው፤ ጎዳና የነበረ ልጅ መድረክ ላይ ወጣ የሚል። ይህ ንባብ ሐሰት ባይሆንም ስለ ዳንስ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ሁለተኛው ንባብ ጉዳዩን እንደ ሥልጠና ታሪክ ይወስደዋል፦ ወጣቶቹ በምን ተመረጡ፣ አምስቱን ዓመት ምን ተማሩ፣ ሥልጠናው ሲያበቃ ወዴት ሄዱ፣ ከእነርሱ በኋላስ ማን በዚያ በር ገባ? ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ሁለተኛውን ንባብ ነው። ለንጽጽር የእንግሊዝን፣ የሴኔጋልንና የእስራኤልን ተሞክሮ ይጠቅሳል፤ ከሁሉ በፊት ግን ብዙውን ጊዜ በዚህ ርእስ ሥር የማይነሣውን አገር በቀል የሥልጠና ሥርዐት፣ ማለትም የአቋቋምን ትምህርት፣ ወደ ውይይቱ ያስገባል።

«በደም» የሚባለው ችሎታና ሙያው

በኢትዮጵያ ስለ ከፍተኛ የዳንስ ሥልጠና ሲነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው መከራከሪያ ገንዘብ ወይም አዳራሽ አይደለም፤ ውዝዋዜ በደም የሚገኝ እንጂ የሚሠለጥኑበት አይደለም የሚለው ጽኑ እምነት ነው። ጎጃም የተወለደ እስክስታ፣ ሐረርጌ ያደገ ሸጎዬ ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። እምነቱ መሠረት አለው። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሠርግ ላይ የከበሮውን ምት በሰውነቱ ይቀበላል፤ መራመድ ሲጀምር በጥምቀት ሜዳ ላይ የታላላቆቹን ትከሻ እያየ ይኮርጃል። ይህ እውነተኛ ትምህርት ነው፤ የትኛውም ትምህርት ቤት ሊተካው አይችልም።

ነገር ግን በማኅበረሰብ ውስጥ መጨፈርና በሙያ መወዛወዝ ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ሠርግ ላይ የሚጨፍር ሰው ስሜቱ ሲነሣ ይገባል፣ ሲደክመው ይወጣል፤ ሰውነቱ የሚያውቀውም በአብዛኛው የአካባቢውን ስልት ነው። በቴአትር ቤት መድረክ ላይ የሚቆም ተወዛዋዥ ግን ስሜቱ ባይነሣም በተቀጠረበት ሰዓት ይጀምራል፤ በአንድ ምሽት የጎንደርን፣ የወሎን፣ የጉራጌን፣ የወላይታንና የትግራይን ስልቶች ልብስ እየቀያየረ ያቀርባል፤ ትናንት ያደረገውን ዛሬ በዚያው ልክ ይደግማል፤ ከጎኑ ካሉት ጋር በእኩል ይነሣል፣ በእኩል ይቆማል። የትከሻ እንቅስቃሴ ከጉራጌው ፈጣን የእግር ሥራ ጋር በአንድ አካል ላይ በተከታታይ ሲጫን ጉልበትና ወገብ የሚከፍሉት ዋጋ አለ። ሰውነትን ማፍታታት፣ ትንፋሽን መቆጣጠር፣ ከዝላይ በጉልበት አለዝቦ ማረፍ፣ ከልምምድ በኋላ ጡንቻን ማሳረፍ በደም አይወረሱም። የከፍተኛ ሥልጠና ትርጉም የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ተሰጥኦው የሌለውን ነገር መስጠት ሳይሆን ተሰጥኦው ሳይሰበር ለረጅም ዘመን እንዲያገለግል ማድረግ።

እስካሁን ይህ ሥራ በአመዛኙ የተሠራው በሥራ ላይ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው አገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተወዛዋዦችን በፈተና እየተቀበሉ ነባሮቹ አዲሶቹን እንዲያለማምዱ ያደርጋሉ። በደርግ ዘመን የቀበሌና የከፍተኛ ኪነት ቡድኖች ከሥር ሌላ ደረጃ ጨምረው ነበር፤ በሠፈሩ ነጥሮ የወጣ ልጅ ያለ አንዳች ክፍያ የሚለማመድበት ቦታ፣ የሙዚቃ መሣሪያና ተመልካች ያገኝ ነበር። የቡድኖቹ ዓላማ የፖለቲካ ቅስቀሳ መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁንና ከቀበሌ እስከ አገር አቀፍ መድረክ የሚዘረጋ መሰላል ያቆሙ መሆናቸውም መካድ የለበትም፤ ሥርዐቱ ሲፈርስ መሰላሉም አብሮ ፈርሷል፣ በቦታውም በዚያ ስፋት የተተካ የለም።

የእንግሊዙ መንገድ በአጭሩ

በእንግሊዝ በመንግሥት ትምህርት መሥሪያ ቤት የሚደገፈው የሙዚቃና የዳንስ መርሐ ግብር ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች በሁለት መንገድ ይረዳል። አንደኛው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ከ11 ዓመት ጀምሮ ልጆችን ለንደን ሪችመንድ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው ኋይት ሎጅ የሚቀበለው የሮያል ባሌት ትምህርት ቤት የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የተዘረጋው የከፍተኛ ሥልጠና ማዕከላት ሥርዐት ነው። ለንደን በሚገኘው ላባን የተጀመረው ይህ ሥርዐት ወደ ኒውካስል፣ ኢፕስዊች፣ በርሚንግሃምና ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። ልጁ ከቤቱና ከመደበኛ ትምህርቱ ሳይለይ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በዕረፍት ወራት ይሠለጥናል፤ የሚከፈልለት ድጋፍ በቤተሰቡ ገቢ መጠን ይወሰናል፤ ሲመረጥም ከዚህ በፊት ከተማረው ይልቅ ወደፊት ሊደርስበት የሚችለው እንዲመዘን ይፈለጋል።

ከዚህ ሥርዐት ለኢትዮጵያ ጉዳይ የሚጠቅሙ ሁለት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው የበርሚንግሃሙ ማዕከል ካታክና ባራታናትያም የተባሉትን የሕንድ ክላሲካል ዳንሶች በራሳቸው ዘርፍ ማሠልጠኑ ነው። «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ለባሌትና ለምዕራቡ ዘመናዊ ዳንስ ብቻ የተሰጠ ማዕርግ እንዳልሆነ በመንግሥት ገንዘብ ተረጋግጧል ማለት ነው። ሁለተኛው ስለ ዕድሜ ነው። ማዕከላቱ ከዳንስ ሳይንስ ተመራማሪዎች ጋር ተቀራርበው በመሥራታቸው በጉርምስና ወቅት ለሚታየው ፈጣን የአካል እድገት ትኩረት ተሰጥቷል። አጥንት ከጡንቻ ቀድሞ በሚረዝምበት በዚያ ጊዜ ልጁ የነበረውን መተጣጠፍና ሚዛን ለጊዜው ያጣል፣ ለጉዳትም ይጋለጣል። በዚያች ዓመት የሚፈተን ልጅ ተሰጥኦ የሌለው ሊመስል ይችላል። በአንድ ቀን ፈተና ብቻ የሚመርጥ ማንኛውም ተቋም ይህን ስሕተት ሳያውቀው ይሠራል።

ሥርዐቱን እንዳለ መገልበጥ ግን አይቻልም። የእንግሊዙ ማዕከል ጣሪያ እንጂ ቤት አይደለም፤ ከሥሩ በየሰፈሩ ወላጆች እየከፈሉ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩባቸው በርካታ የግል ዳንስ ትምህርት ቤቶች አሉ። ጣሪያውን ያለ ግድግዳው ማምጣት የሚያስከትለውን ችግር የአዱኛ ታሪክ በከፊል ያሳያል።

አምስቱ ዓመት

የማልዱም የማስተማር ዘዴ በኋላ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣውና ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የሠራውን ሥራ በሚዘግበው ፊልም ነው። በዚያ ፊልም 250 ያህል የበርሊን ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ዳንስ ሞክረው የማያውቁ፣ የስትራቪንስኪን «የጸደይ በዓል» ሲለማመዱ ይታያሉ። ማልዱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው እንቅስቃሴ ሳይሆን ጸጥታ ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆም፣ አለመሳቅ፣ የራስን ትኩረት መያዝ። አዱኛ ከዚያ ፊልም ስምንት ዓመት ቀድሞ ከዚሁ ሰው ጋር የጀመረ ቡድን ነው። ለወጣቶቹ ከርኅራኄ የበለጠ ያገለገላቸው ምናልባት ይህ ጥብቅነት ሳይሆን አይቀርም። የሚያዝንላቸው ሰው ብዙ ነበር፤ እንደ ሙያተኛ የሚጠብቅባቸው ግን ጥቂት።

የሥልጠናው ይዘት በዳንስ ቴክኒክ ብቻ አልተወሰነም። ዘመናዊ ዳንስና ቅንብር ከአገር ውስጥ ውዝዋዜ ጎን ለጎን ተሰጥቷል። በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቴአትር ተመራማሪ የሆነችው ጄን ፕላስቶው ተመልካቹ ራሱ ወደ መድረክ ገብቶ ታሪኩን የሚለውጥበትን የመድረክ ቴአትር ዘዴ አስተምራለች። አካል ጉዳተኞችንና ጉዳት የሌለባቸውን ተወዛዋዦች በአንድነት በሚያሠራው የካንዱኮ ቡድን መሥራችነቱ የሚታወቀው አዳም ቤንጃሚን ደግሞ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ያሉበት «አዱኛ ፖቴንሻልስ» የተባለ ቡድን እንዲፈጠር ምክንያት ሆኗል። ሠልጣኞቹ የተማሩትን ወዲያው ወደ ሌሎች ያስተላልፉ ነበር። ከሥራዎቻቸው አንዱ የአዲስ አበባ ፖሊሶች ከጎዳና ልጆች ጋር ስላላቸው ግንኙነት በዳንስና በቴአትር የሠሩት ሥልጠና ነው። ትናንት ፖሊስ ሲያይ ይሸሽ የነበረ ልጅ ዛሬ በፖሊሶች ፊት ቆሞ አሠልጣኝ ሆነ። ይህ ለተመልካች የሚያስደስት ግጥምጥሞሽ ብቻ አልነበረም፤ በሥርዐተ ትምህርቱ ውስጥ ታስቦበት የተቀመጠ ነበር። ዳንሰኛን አስተማሪም አድርጎ ማሠልጠን መድረክ ብቻውን እንጀራ በማያበላበት አገር ሁለተኛ መተዳደሪያ መስጠት ነውና።

ውጤቱ በግለሰቦች ደረጃ ሲታይ ከፍተኛ ነው። ከ18ቱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የአማካሪና የተመካሪ መርሐ ግብር በዳንስ ዘርፍ ተመርጦ ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። ጁነይድና የሥልጠና ባልደረባው አዲሱ ደምሴ እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ ቴአትር «ደስቲኖ» በተሰኘው ትልቅ ዝግጅት ተሳትፈዋል፤ በኋላም በዚሁ ስም አዲስ አበባ ላይ የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ ወጣቶችን ማሠልጠን ቀጥለዋል።

በሥርዐት ደረጃ ሲታይ ግን ጥያቄው ይከብዳል። ከመቶ ያህል ተሳታፊ 18 ሲመረጥ የቀሩት ወደ ምን ተመለሱ? መምረጥ በራሱ በደል አይደለም፤ ከፍተኛ ሥልጠና የሚባለው ሁሉ የሚመርጥ ነው። በደል የሚሆነው ለተመረጡት መሰላል፣ ላልተመረጡት ገደል ብቻ ሲኖር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ የሰፈር ክፍል ቢኖር፣ በቀጣዩ ዓመት ዳግም የሚፈተኑበት ዕድል ቢኖር፣ አለመመረጥ መጨረሻ አይሆንም ነበር። ሌላው ጉዳይ ቀጣይነት ነው። አዱኛ አንድ ትውልድ በጥልቀት አሠለጠነ፤ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ የሚቀበል ተቋም ግን አልሆነም። በውጭ ገንዘብና በጥቂት የውጭ አሠልጣኞች ላይ የቆመ ሥልጠና ሰዎቹ ሲሄዱ የሚተወው ሠልጣኞችን እንጂ ትምህርት ቤትን አይደለም። ይህ የአዱኛ ብቻ ሳይሆን የዚያ ዘመን አብዛኛው የፕሮጀክት ሥራ ጠባይ ነው።

አቋቋም ቤት የሚያስተምረው

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ኢትዮጵያ የእንቅስቃሴን ጥበብ በደረጃ ከፋፍላ፣ በመምህርና በምስክር አጽንታ፣ ለዘመናት ስታስተምር አልኖረችምን? ኖራለች፤ በቤተ ክርስቲያን። የአቋቋም ትምህርት ውዝዋዜ ተብሎ እንደማይጠራ፣ ዓላማውም አምልኮ እንጂ ትርኢት እንዳልሆነ በቅድሚያ መታወቅ ይኖርበታል። እዚህ የሚታየው ይዘቱ ሳይሆን የሥልጠና አደረጃጀቱ ነው።

ተማሪው ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤት አልፎ ወደ አቋቋም ቤት ሲደርስ ዜማውን አስቀድሞ በቃሉ ይዟል። አሁን የሚማረው ያንኑ ዜማ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ፣ በቁመትና በእርምጃ፣ በመወዝወዝና በመመለስ ማከናወን ነው። እንቅስቃሴው ስምና ቅደም ተከተል አለው፦ ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት፤ መረግድም ንዑስና ዐቢይ ተብሎ ይከፈላል። ዝማሜ ላይ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል፤ ወደ መረግድና ጽፋት ሲደረስ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ከበሮና ጭብጨባ ይገባል። አንድ ተማሪ ጽፋትን ከዝማሜ አስቀድሞ አይማርም። ዓመታት ፈጅቶ የፈጸመውም በራሱ አንደበት «ጨረስኩ» አይልም፤ ወደ ምስክር ቦታ ሄዶ ያስመሰክራል። የድጓ ምስክር ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ እንደሆነ ሁሉ የአቋቋም ምስክር ጎንደር በዓታ ነው።

ለውዝዋዜ ሥልጠና ከዚህ የሚወሰዱ ነገሮች አሉ፤ ሁሉም ግን እኩል ክብደት የላቸውም። መምህርን ፍለጋ አገር አቋርጦ መሄድና በአኮፋዳ እየለመኑ መማር የተማሪውን ጽናት ያሳያል፤ ለዛሬ ፖሊሲ ግን አርአያ ሊሆን አይችልም፤ ተርቦ የሚዘል ልጅ ጉልበቱን ይጎዳል። ትልቁ ቁም ነገር ስያሜው ነው። አቋቋም እንቅስቃሴን በስም ጠርቶ በደረጃ አስቀምጧል። ዓለማዊው ውዝዋዜ እጅግ ሀብታም ሆኖ ሳለ በዚህ ረገድ ድሃ ነው። እስክስታ የሚለው አንድ ቃል የትከሻን መንቀጥቀጥ፣ የደረትን መምታት፣ የአንገትን መሳብ፣ የትንፋሽን መቆራረጥ ሁሉ ይሸፍናል። አሠልጣኙ «እንዲህ» ብሎ ያሳያል፤ ተማሪውም ዐይቶ ይከተላል። ዐይነ ፈጣኑ ይይዘዋል፣ ሌላው ይቀራል፤ የቀረውም ምን እንዳልያዘ የሚነግረው ቃል የለም።

ስያሜና ሰውነት

ጥናቱ ከሥልጠናው ቀድሞ ሄዷል። የሀንጋሪው የዳንስ ተመራማሪ ጆርጅ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1965 ከሙዚቃ ተመራማሪው ባሊንት ሻሮሺ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ውዝዋዜዎችን በፊልም ቀርጿል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ዓይነቶቻቸውን የሚመድብ ጽሑፍ አሳትሟል። ሌላው ሀንጋሪያዊ ቲቦር ቫዳሺ እ.ኤ.አ. በ1970፣ በ1971 እና በ1973 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ባህላዊ ውዝዋዜ ሦስት ተከታታይ ጽሑፎች አቅርቧል። እነዚህ ሥራዎች ለመግለጽና ለመመደብ የተጻፉ ናቸው እንጂ ለማስተማር አይደሉም። ተመራማሪ ትከሻ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይጽፋል፤ አሠልጣኝ የሚያስፈልገው ግን ትከሻው ያልታዘዘለት የ14 ዓመት ልጅ ዛሬ ጠዋት በምን ልምምድ ይጀምር የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ የሴኔጋሏ ጀርሜን አኮኚ ሥራ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1982 በዳካር የሠራውን ሙድራ አፍሪክ የተባለ የዳንስ ትምህርት ቤት የመራችው አኮኚ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ውዝዋዜዎች ተነሥታ የራሷን ቴክኒክ ቀምራለች። የቴክኒኩ መሠረት አከርካሪ ነው፤ እርሷ የሕይወት ዛፍ ትለዋለች። ደረት ፀሐይ፣ መቀመጫ ጨረቃ ይባላል። ስያሜዎቹ ግጥም ቢመስሉም ተግባራዊ ናቸው፤ «ፀሐይህ ወደ መሬት አትይ» የተባለ ተማሪ በየት በኩል መታረም እንዳለበት ያውቃል። አኮኚ ከባለቤቷ ከሄልሙት ፎግት ጋር በቱባብ ዲያላው የመሠረተችው ኤኮል ደ ሳብል ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ተወዛዋዦችን ተቀብሎ ያሠለጥናል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የፒና ባውሽን «የጸደይ በዓል» ለመሥራት ከ14 የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ ዳንሰኞች የተለማመዱትም እዚያው ነው።

ለእስክስታ ይህን መሰል ሥራ በከፊል የተሞከረው ከአገር ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሩት ኤሽል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ የቤተ እስራኤል ተወላጅ ተማሪዎችን ሰብስባ «እስክስታ» የተባለ የዳንስ ቴአትር አቋቋመች፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው ከተማ «ቤታ» የተባለ ቡድን ተከተለ። ኤሽል የቤተ እስራኤልን ውዝዋዜ አስቀድማ ያጠናች ስለነበረች ከተማሪዎቹ ሰውነት ውስጥ ያለውን እንቅስቃሴ የዘመናዊ ቅንብር ጥሬ ዕቃ አደረገችው። በኋላ ቡድኑን የመራችው ደጌ ፈደር ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደች፣ በእነዚሁ መድረኮች የጎለመሰች ናት። በስደት ለልጆቹ የቀረበው ጥያቄ ከአዲስ አበባው የተለየ ነበር፤ ትከሻቸውን የሚያውቅ ወላጅ ቤት ውስጥ ነበረ፣ ትከሻውን እንደ ጥበብ የሚቈጥር ተቋም ግን ዩኒቨርሲቲው ሆነ።

ይህ ጉዳይ ከክብር ጥያቄ ባሻገር የአካል ጉዳይም ነው። በምዕራቡ ቴክኒክ መሠረታዊ ክፍል ውስጥ የትከሻ ቀበቶ ዝቅ ብሎ ጸጥ እንዲል ይታዘዛል፤ እንቅስቃሴ ከዳሌና ከእግር ይመነጫል። ለእስክስታ ትከሻው ራሱ መሪ ነው፤ እግሩ ነው ጸጥ የሚለው። አንድ ወጣት በ13 ዓመቱ ገብቶ አምስት ዓመት በመጀመሪያው መንገድ ብቻ ቢሠለጥን፣ ይዞት የመጣው ዕውቀት በሥልጠናው ብዛት ሊደክም ይችላል። በሁለቱም ቢሠለጥን ደግሞ ብዙ ዳንሰኞች የሌላቸው ስፋት ይኖረዋል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የሥርዐተ ትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው፤ የቱ መቼ ይጀመራል፣ የቱ ከየቱ በኋላ ይመጣል። አቋቋም ቤት ይህን ለራሱ መልሷል።

ከሥልጠና በኋላ ያለው ምሽት

ተመራቂው ወዴት ይሄዳል? የመንግሥት ቴአትር ቤቶች የሚቀጥሩት ጥቂት ነው። ሰፊው የሥራ ገበያ የባህል ምሽት ቤቶች ናቸው፤ ሥራው በምሽት፣ ገቢው ከደሞዝ ይልቅ ግንባር ላይ በሚለጠፍ ሽልማት፣ ታዳሚው እየበላና እየጠጣ። ይህን ዓለም እንደ ውድቀት ብቻ ማየት ስሕተት ነው። መላኩ በላይ በካዛንችስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለዓመታት ያለ ደሞዝ በሽልማት ሲወዛወዝ ኖሮ፣ ቤቱን ራሱ ተረክቦ የሥዕል፣ የሙዚቃና የግጥም ማዕከል አድርጎታል፤ ኢትዮከለር በተባለው ቡድኑም እስክስታን ወደ ዓለም መድረኮች አድርሷል። አዝማሪ ቤት ለእርሱ ትምህርት ቤት ሆኖለታል። ለአንድ መላኩ ትምህርት ቤት የሆነ ቦታ ግን ለብዙዎች፣ በተለይ ለሴት ተወዛዋዦች፣ ሌሊት ወደ ቤት የሚመለሱበት መጓጓዣ እንኳ ያልታሰበበት የሥራ ቦታ ነው። ወላጆች ሴት ልጃቸውን ከውዝዋዜ የሚከለክሉት ጥበቡን ንቀው ብቻ እንዳልሆነ፣ የሥራውን ሰዓትና ቦታ ዐይተውም እንደሆነ በፖሊሲ ውይይት ላይ እምብዛም አይነሣም። በቀን የሚሠራ፣ በምስክር ወረቀት የሚያበቃ፣ በትምህርት ቤት መምህርነት የሚያስቀጥር ሥልጠና ቢኖር ይህ ክልከላ የሚላላበት ምክንያት ብዙ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትዕይንትና የእይታ ጥበባት ኮሌጅ ውስጥ ሙዚቃ በያሬድ፣ ሥነ ጥበብ በአለ፣ ቴአትር በዮፍታሔ ንጉሤ ስም የተሰየሙ ትምህርት ቤቶች አሏቸው። ዳንስ በስሙ የቆመ ትምህርት ቤት የለውም። ትምህርት ክፍል ለመክፈት የመጀመሪያው መሰናክል ሕንፃ ተደርጎ ይቀርባል፤ ነገር ግን ወለሉ እንጨት የሆነ አንድ አዳራሽ ለመጀመር ይበቃል። የሚያስቸግረው የመምህር ጉዳይ ነው። በአካዳሚ ሕግ መምህር ዲግሪ ያስፈልገዋል፤ የዳንስ ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ክፍል ከሌለ ዲግሪ ያለው የዳንስ መምህር ከአገር ውስጥ አይገኝም። ይህን ዙሪያ ጥምጥም ለመቁረጥ አንዱ መንገድ በሌሎች የጥበብ ዘርፎች እንደሚደረገው በሙያ ብቃት የሚመዘን የመምህርነት ቅጥር መፍቀድ ነው። ሌላው በዲግሪ ሳይሆን በአጭር የምስክር ወረቀት ሥልጠና ጀምሮ፣ ነባር የቴአትር ቤት ተወዛዋዦችን ከተመራማሪዎች ጋር ለአንድ ዓመት አስቀምጦ የእስክስታን፣ የረገዳን፣ የጉራጌን ስልቶች በስምና በደረጃ ማስጻፍ ነው። የማርቲንና የቫዳሺ ቅጂዎችና ጽሑፎች ለዚህ መነሻ ይሆናሉ፤ ከ50 ዓመት በፊት የተቀረጸው ትከሻ ዛሬ መድረክ ላይ ከሚታየው በምን እንደሚለይ ማነጻጸር ብቻውን ለበርካታ የማስተርስ ጥናቶች የሚበቃ ርእስ ነው።

ለዚህ ሥራ የተመደበ የተፈጥሮ ቀነ ገደብም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 «ካርሚና ቡራና»ን የተወዛወዙት ልጆች ዛሬ በአርባዎቹ የዕድሜ ክልል ይገኛሉ፤ የዳንሰኛ ጉልበት መዝለል የሚያቆምበት፣ የአስተማሪነት ዘመን ደግሞ የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። አምስት ዓመት የፈጀው ሥልጠና የተቀመጠው በእነርሱ ሰውነት ውስጥ ነው።